ኤል ኤ በአራት ቀን፦ የፋርስ ራት፣ የዝዋይ ወይን እና ድስት ስር የያዘ ሩዝ

ሐሙስ

ቨርጂኒያ ካለው ደለስ ኤርፖርት ጠዋት ተነስቼ ሎስ አንጀለስ ስገባ እዚያም ገና ጠዋት ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ በርሬ ሰዓቴ ላይ የሄደው ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ፣ ሲመጡ ደስ ይላል ሲመለሱ ነው ሂሳቡ የሚወራረደው። ኤርፖርቱ ላይ ታክሲም ኡበርም እንደ ሌላው ከተማ በር ላይ አያነሳሽም፣ አረንጓዴ ባስ ተሳፍረሽ ወደ ሌላ ግቢ ትሄጂና እዛ ነው የምትጠብቂው። የአክስቴ ልጅ እቀበልሻለሁ ብላ ነበር ግን 405 ላይ ተቀርቅራ ቀረች። 405 ማለት እዚህ ከተማ ሰው መኪና ውስጥ ሆኖ የሚያረጅበት መንገድ ነው።

የመጣሁት ለራት ነው። እውነቴን ነው፣ ሰርግም ክርስትናም የለም፣ ራት። የአክስቴ ልጅ ጥርስ ሐኪም ቤት ነው የምትሰራው፣ አብራት የምትሰራ አንዲት ኢራናዊት አለች ስድሳውን ያለፈች፣ ፀጉሯ ሁሌ የተሰራ፣ ሽቶዋ ከሷ ቀድሞ የሚገባ፣ እኛ በመሃላችን እትዬ ነው የምንላት። እትዬ ለሁለት ዓመት "የአክስትሽ ልጅ ስትመጣ ራት የምጋብዘው እኔ ነኝ" ስትል ነበር እና ይኸው መጣሁ። ሬስቶራንቱ ደህና ብቻ የሚባል አይደለም፣ ሻማ የሚበራበት፣ ወይን ባር ያለው፣ መኪናሽን በር ላይ ተቀብለው የሚያቆሙልሽ ዓይነት ነው።

ማታ ሶፋ ላይ ተዘርግተን እኔ "ኢራን ነው ወይስ ፋርስ የምንለው?" ብዬ ጠየቅኩ። የአክስቴ ልጅ ባል (ከሱ ጋር ክርክር መጀመር የለብሽም ግን አንዴ ጀመርኩት) እዚህ ብዙዎቹ ፐርሺያን ነን የሚሉት ከ1979ኙ አብዮት በኋላ ቴህራን ኤምባሲ ውስጥ አሜሪካኖቹ 444 ቀን ታግተው በነበረ ጊዜ ኢራናዊ ነኝ ማለት ስለከበደ ነው አለኝ፣ ስሙም ምግቡን ሩቅና ጥንታዊ ያስመስለዋል። ለኛማ ፋርስ አዲስ አይደለም፣ ሰንበት ትምህርት ቤት የተማረ ሰው መጽሐፈ አስቴርን ያውቃል፣ ንጉሡ ከሕንድ እስከ ኢትዮጵያ 127 አገር ይገዛ ነበር ተብሎ ነው የሚጀምረው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ምንድነው? ግብዣ! 180 ቀን። ወይን በወርቅ ዋንጫ። እና እነዚህ ሰዎች ድግስ ዛሬ አልጀመሩም።

አርብ

ሪዘርቬሽኑ መጀመሪያ ለዛሬ ነበር። የአክስቴ ልጅ ይዛ ይዛ አርብ ያዘች። "አርብ እኮ ጾም ነው" ስላት ስልኩን ዝቅ አድርጋ አየችኝ፣ "ኡፍ" አለች፣ እንደገና ደውላ ወደ ቅዳሜ አዛወረችው ግን የተገኘው ሰዓት ማታ ሁለት ተኩል ብቻ ነው። እትዬም ምንም አልከፋትም፣ የናንተ ጾም ረጅም ነው አይደል አለች አሉ።

ስለዚህ አርብን ለእይታ አዋልነው። ዌስትዉድ ቡልቫርድ ሄድን፣ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ስር ያለው። ሰዉ ቴህራንጀለስ የሚለው ይሄንን ሰፈር ነው፣ ዌስትዉድ እና ዊልኪንስ የሚገናኙበት ላይ ከ2010 ጀምሮ ፐርሺያን ስኩዌር የሚል የከተማው ሰሌዳ ተሰቅሏል። ፌርፋክስ ላይ ያለችው የኛ ሊትል ኢትዮጵያ ሰሌዳዋን ያገኘችው በ2002 ነው፣ እኛ ቀደምናቸው ማለት ነው (ባልየው ይሄንን ሦስቴ ደገመው)። ልዩነቱ እነሱ በዛ ያሉ ናቸው፣ ገንዘቡም አለ፣ ቤቨርሊ ሂልስ እኮ በ2007 ኢራን የተወለደ ከንቲባ አግኝታለች፣ ጂሚ ደልሻድ።

አንድ ግሮሰሪ ገባን። ትንሽ ነው፣ ጣሪያው ድረስ የተደረደረ፣ በሩን ስትከፍቺ መርካቶ ቅመም ተራ ገባሽ ማለት ነው ግን በርበሬው የሌለበት። ጥቁር የደረቀ ሎሚ በጆንያ፣ የደረቀ የጽጌረዳ እምቡጥ፣ ፒስታቺዮ፣ ዘረሽክ የሚሉት ትንንሽ ቀይ ጎምዛዛ ፍሬ። ዛፍራን ፈልጌ ነበርና ሽማግሌው ከኋላው ካለው የተቆለፈ ሳጥን ትንሽዬ ብልቃጥ አወጣልኝ፣ 1 ግራም። የዓለም ዛፍራን አብዛኛው የሚመጣው ከኢራን ነው ሲባል ስለሰማሁ የኢራን ነው? ስለው ሳቀ፣ ሄራት ነው አለ፣ አፍጋኒስታን። ከ2018 ወዲህ በማዕቀቡ ምክንያት የኢራን ምግብ አሜሪካ በሕጋዊ መንገድ አይገባም። አስቢው፣ በአገሩ ቋንቋ ታፔላ በሞላበት ሰፈር ቁጭ ብሎ የጎረቤት አገር ዛፍራን ይሸጣል። አንድ ኪሎ ለማግኘት ከመቶ ሺህ በላይ አበባ አንድ በአንድ በእጅ ይለቀማል፣ ከያንዳንዱ አበባ ሦስት ክር ብቻ ነው የሚወጣው። ዋጋውን ሲነግረኝ የተናደድኩትን ንዴት ይሄ ትንሽ አበረደልኝ።

እዚህ ጋ ነው የተዋረድኩት። ስንት ነው ሁሉም አንድ ላይ? ስለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በጣም በትህትና "ቃቤሊ ናዳሬ" የሚል ነገር አለኝ። የአክስቴ ልጅ ተረጎመችልኝ፣ "ላንቺ የሚሆን አይደለም፣ ምንም አይደለም" ማለት ነው አለች። እኔ ቨርጂኒያ የለመድኩት ሰው አንድ ጠብታ ነገር በነፃ የማይሰጥበት አገር ስለሆነ ልቤ ተነካ፣ አመሰግናለሁ አባባ ብዬ ፌስታሉን አንስቼ ወደ በሩ ዞርኩ። የአክስቴ ልጅ እጅጌዬን ይዛ ጎተተችኝ። "ታሮፍ ነው! ክፈይ!" ታሮፍ ማለት ያው የኛው "አይ በቃኝ" "በሞቴ" ነገር ነው፣ እሱ ይቀልደኛል ሳይሆን ወጉ እንዲህ ነው፣ አልቀበልም ይላል፣ አንቺ ትለምኚዋለሽ፣ ሦስተኛው ላይ ይቀበላል። እኔ ቤት እንግዳ መጥቶ "በልቻለሁ" ሲል ማንም አምኖት ያውቃል? አያውቅም። ይሄንን እያወቅኩ ነው እንግዲህ ዛፍራን ይዤ ልወጣ የነበረው። ሽማግሌው እየሳቀ ብሬን ተቀበለ።

ምሳ ፌርፋክስ ሄደን በያይነቱ በላን፣ ስለሱ የምጽፈው የለኝም፣ ሽሮው ጥሩ ነበር። ከዛ ተመልሰን ዌስትዉድ ሳፍሮን ኤንድ ሮዝ የሚባለው አይስክሬም ቤት። ጾም ነው ብዬ ላልፍ ስል ፋሉዴ አለ አሉኝ፣ ከስታርች የተሰራ ክር የመሰለ ነገር ከስኳርና ከጽጌረዳ ውሃ ጋር የቀዘቀዘ፣ ላዩ ላይ ሎሚ ትጨምቂበታለሽ፣ ወተት የሚባል የለበትም። የሺራዝ ነው፣ የኢራኗ ከተማ። መጀመሪያ ሲቀምሱት ሽቶ የጠጡ ያስመስላል፣ አራተኛው ማንኪያ ላይ ግን ገባኝ።

ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ልብስ በመቀየር አሳለፍነው፣ እሱን ልዝለለው።

ባልየው ከቤት ሲወጣ ፌስታል አንጠልጥሏል። "ምንድነው?" "ወይን።" የዛሬ ሁለት ዓመት ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣው፣ ሪፍት ቫሊ ሲራህ፣ ለክብር ቀን ብሎ ጓዳ ያስቀመጠው ጠርሙስ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ብዙ ሬስቶራንት የራስሽን ወይን ይዘሽ መግባት ይፈቅዳል፣ ኮርኬጅ የሚሉትን ትከፍያለሽ፣ እዚህ ቤት 35 ዶላር ነው። የአክስቴ ልጅ መኪና ውስጥ ሙሉ መንገዱን "በፌስታል አትግባ" እያለች ሄደች። በፌስታል ገባ።

ቤቱ ያምራል፣ አይካድም። ሰማያዊ የፋርስ ንጣፍ ሸክላ ግድግዳው ላይ፣ የባሩ ጀርባ እስከ ጣሪያ ጠርሙስ፣ መብራቱ ደግሞ እንደው ሰው ፊቱ እንዳይታይ ተስማምተው ያደበዘዙት ነው የሚመስለው፣ ሜኑውን ያነበብነው በስልክ ባትሪ ነው። ሪዘርቬሽን ኖሮን ጠረጴዛችሁ አልደረሰም ተባልንና ባሩ ላይ አርባ ደቂቃ ተቀመጥን። እትዬ ከኛ ቀድማ ደርሳ ኖሮ ወንበር ይዛልናለች፣ አቅፋ ሦስቴ ሳመችን፣ እኛም ሦስቴ፣ ማን ማንን እንዳስለመደ እንጃ።

ወይኑን የሚያማርጠው ልጅ መጣ፣ ሶሜሊየር የሚሉት፣ ጠርሙሱን ከፌስታሉ ሲያወጣ ፊቱን አየሁት፣ ሊስቅ ነው ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ወደ መብራቱ አስጠግቶ ማንበብ ጀመረ። ኢትዮጵያ? ሲራህ? አዎ፣ ዝዋይ፣ አሁን ባቱ የሚባለው፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሐይቁ አጠገብ፣ ካስቴል የሚባሉት የፈረንሳይ ወይን ጠማቂዎች ተክለውት በ2014 ነው የመጀመሪያው ጠርሙስ ገበያ የወጣው። ባልየው እርሻው ዙሪያ ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባ ቦይ ተቆፍሯል ሲለው ልጁ የምራችሁን ነው? አለ። የምራችን ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ወይን ማለት ጉደር ነበር፣ እሱም በኮካ ተቀይጦ፣ ይሄንን ግን ለልጁ አልነገርኩትም፣ አንዳንድ ነገር ቤት ይቀራል።

ሲራህ የሚባለው የወይን ዘር ሺራዝ ተብሎም ይጠራል አይደል፣ እትዬ ደግሞ የሺራዝ ልጅ ናት፣ እና እኔ እንዳወቀ ሰው "የናንተ ወይን ነው እንግዲህ በኛ አፈር የበቀለው" አልኩ። በጣም ደስ አላት። ልጁ እያመነታ "ይቅርታ አድርጉልኝና…" ብሎ ጀመረ። ለካ ተረት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲና ፈረንሳይ ሞንፔሊዬ ያሉ ተመራማሪዎች ዲኤንኤውን አይተው እናትና አባቱን አገኙ፣ ዱሬዛ እና ሞንዱዝ ብላንሽ የሚባሉ ሁለቱም የደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ወይኖች ናቸው። ሺራዝ ከተማ የለችበትም። እትዬ ዝም አለች፣ ከዛ ብርጭቋን አንስታ "የኔ አባት ይሄን ሳይሰማ መሞቱ ጥሩ ነው" አለች፣ ባሩ በሙሉ ሳቀ። ልጁ ግን ሊክሳት ፈለገ መሰለኝ ሌላ ነገር ነገራት፣ ኢራን ውስጥ ዛግሮስ ተራራ ሃጂ ፊሩዝ ቴፔ የሚባል ቦታ ወጥ ቤት ወለል ላይ ከተቀበሩ ማሰሮዎች የወይን ዝቃጭ ተገኝቷል፣ ዕድሜው 7,000 ዓመት ገደማ፣ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው መርምረው ያረጋገጡት። በ2017 ጆርጂያዎች ከዚያ የሚበልጥ አግኝተን አሉ እንጂ ለብዙ ዓመት የዓለም ጥንታዊ ወይን እሱ ነበር። ወይኑ እንዳይበላሽ የዛፍ ሙጫ ይጨምሩበት ነበር አለን። እኔ ጌሾ ትዝ አለኝ።

እትዬ ከዚህ በኋላ ነው ማውራት የጀመረችው። ከ1979 በፊት ሺራዝ ወይን መጥመቂያ ነበራት፣ አባቷ ሱቅ ሄዶ ይገዛ ነበር፣ ከአብዮቱ በኋላ ሁሉም ተዘጋ፣ ግን ሰፈሯ ውስጥ ሰው ምድር ቤት ገብቶ ወይን ይረግጥ ነበር፣ የወይን ወር ሲመጣ መንገዱ ይሸታል፣ ሁሉም ያውቃል ማንም አይናገርም። የሺራዝ ትልቁ ባለቅኔ ሃፌዝ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ነው፣ ስሙ ራሱ ቁርዓንን በቃሉ የያዘ ማለት ነው፣ ግጥሙ ላይ ደግሞ ወይንና ጠጅ ቤት ይሞላል። እውነተኛ ወይን ነው ወይስ የፈጣሪ ፍቅር ነው እያሉ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩ ኖረዋል አለች። ባልየው ወዲያው "ሰምና ወርቅ ነዋ!" አለ። እሱን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ስንሞክር ጠረጴዛው ደረሰ።

ቁጭ እንዳልን መጀመሪያ የመጣው ሳህን ሙሉ ቅጠል ነው። ጥሬ። በሶብላ፣ ናና፣ ሌላም የማላውቀው፣ ቀይ ትንንሽ ራዲሽ፣ ነጭ ጨው ያለው አይብ፣ ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ዋልነት፣ ትኩስ ዳቦ። ባልየው ጎንበስ ብሎ "የሚበላ ነው ወይስ ማስጌጫ?" አለኝ። እትዬ ዳቦውን ቆረሰች፣ አይብ አደረገች፣ ሁለት ቅጠል ናና፣ ግማሽ ዋልነት፣ በሦስት ጣቷ ጠቅልላ ወደኔ ዘረጋች። ሎቅሜ ይባላል አለች። እኔ አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን በእጄ ልትሰጠኝ ነበር! እጇ አየር ላይ ቆመ፣ እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ፣ የአክስቴ ልጅ በሳቅ ፈነዳች፣ ከዛ ለእትዬ ጉርሻ ምን እንደሆነ ተነገራት። "አፍ ውስጥ?" አለች። ደገመችው፣ በዚህኛው አፌ ውስጥ አደረገችው፣ እኔም አንድ ጠቅልዬ አጎረስኳት፣ አንድ ያጣላል ብዬ ሁለተኛ። ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ጥንዶች ሲያዩን ነበር፣ ይዩን።

ከናና ነው ጨዋታው የተጀመረው። እሷ "ናእና" ስትል እኔ ናና! አልኩ። ሎሚውን ሊሙ አለች። ሻዩን ቻይ። በእጅ የተፈጨ ጥብስ ደብርጃን መጣ፣ ካሽክ የሚሉት ከደረቀ እርጎ የሚሰራ ነገር ላዩ ላይ ፈሶበት፣ ባደምጃን ይሉታል፣ እኔ ደብርጃን ስላት ከወንበሯ ተነሳች ማለት ይቻላል። በመጨረሻ ሻዩ ውስጥ ያለው ሄል፣ እነሱም ሄል ነው የሚሉት፣ ልክ እንደኛ። አረቡም ነጋዴውም በመሃል ገብቶበት ይሆናል፣ ማን ከማን እንደወሰደ የቋንቋ ሰዎች ይጨነቁበት፣ ጠረጴዛው ላይ ግን የጠፋ ዘመድ የተገናኘ ነው የመሰለው።

ፌሰንጃን የሚባለውን እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ሲመጣ መልኩ የዶሮ ወጥ ነው፣ ጥቁር ቡናማ፣ ዘይቱ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ። በዓይኔ በርበሬ አይቼ አንድ ትልቅ ጉርሻ ወሰድኩ፣ ሲቀመስ ግን ጎምዛዛ ጣፋጭ። አእምሮዬ ለአፍታ ቆመ። የተፈጨ ዋልነትና የሮማን ጭማቂ ነው፣ በዝግታ እሳት ለሰዓታት እየተማሰለ፣ መድረሱ የሚታወቀው የዋልነቱ ዘይት ወደ ላይ ሲወጣ ነው አለች፣ እዚህ ላይ እኔና የአክስቴ ልጅ ተያየን፣ ወጥ ሲደርስ የምናውቀው በዚሁ አይደል። ከዝዋዩ ሲራህ ጋር ይሄዳል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ ይሄዳል፣ ወይኑ ትንሽ ደረቅ ነው ሮማኑ ያለሰልሰዋል። ልጁም መጥቶ ቀመሰልን፣ ፀሐይ የጠገበ ወይን ነው አለ፣ ባልየው እንደ ራሱ ልጅ ተመረቀለት ነው የኮራው። እሱ ራሱ ስለሚነዳ ሁለት ጉንጭ ጠጥቶ ወደ ዱግ ዞረ፣ እርጎ በውሃ በጨው በናና የተበጠበጠ። "አሬራ ነው" አለ። አሬራ ነው፣ በ9 ዶላር።

ጎርሜ ሳብዚ የሚሉት የቅጠል ወጥ ላይ አብሽ ሸተተኝ፣ እነሱ ቅጠሉን ነው የሚጨምሩት፣ ከደረቀው ጥቁር ሎሚ ጋር ሲገናኝ የሆነ መራራ ነገር አለው፣ የአክስቴ ልጅ ወደደችው እኔ አልተመቸኝም። ኬባቡ ጥሩ ነበር ግን ኬባብ ኬባብ ነው።

ታህዲጉ ግን። ይሄን ሁሉ የምጽፈው ለሱ ነው። ትንሽ ሳህን ላይ ወርቅ የመሰለ ክብ ነገር መጣ፣ እትዬ በማንኪያ ጀርባ መታችው፣ ቀጭ አለ፣ እንደ ቆሎ። ታህ ማለት ታች፣ ዲግ ማለት ድስት። ድስት ስር የያዘ ሩዝ ነው! ሆን ብለው ያስይዙታል፣ በቅቤና በዛፍራን፣ ቤት ውስጥ ሰው ይጣላበታል አለች፣ እንግዳ ሲመጣ ለእንግዳ ነው የሚሰጠው፣ ሳይሰበር ካልወጣ ባለቤቷ ታፍራለች። እኔ ልጅ ሆኜ ሩዝ ሲሰራ እማዬ ውሃ ሳታፈስበት ቀድሜ ድስቱን ይዤ ጓሮ እሮጥ ነበር፣ በማንኪያ እየፋቅኩ፣ ከተያዝኩ "ጨጓራሽን ሊልጥ ነው!" ተብዬ እነጠቃለሁ። ሰላሳ ምናምን ዓመት አልፎ ያው ነገር በሻማ መብራት 18 ዶላር ሆኖ መጣልኝ። ግማሹን ብቻዬን ነው የበላሁት፣ ታሮፍም አላደረግኩም።

ከዛ ሂሳብ። ባልየው ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብሎ ተነሳ፣ የሐበሻ ወንድ በዚህ ሰዓት ሽንት ቤት አይሄድም፣ ካርድ ሊሰጥ ነው የሄደው። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ወድቋል፣ እትዬ እኛ ሳንደርስ ገና ስትገባ ካርዷን ሰጥታ ነበር። ክርክር ተጀመረ፣ እሱ በሞቴ፣ እሷ እጇን ደረቷ ላይ፣ እሱ ቆሞ፣ እሷም ቆማ፣ አስተናጋጁ ወረቀቱን ይዞ እንደ ኳስ ዳኛ በመሃል። አሸነፈችው። ቢያንስ ቲፑን እኔ ብሎ 100 ዶላር በካሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ አስተናጋጁ በጣም አመስግኖ ወሰደ። መኪና ውስጥ ነው የአክስቴ ልጅ የደረሰኙን ፎቶ ከእትዬ ተቀብላ ያነበበችው፣ ታች በትንንሽ ፊደል 20 ፐርሰንት የአገልግሎት ተብሎ ቀድሞ ተደምሯል። በዛ ጨለማ ውስጥ ማን ያንብበው። አስተናጋጁ አንድ ቃል ትንፍሽ ቢል ምን ነበረበት? እስከ ቤት ድረስ ማንም አላወራም፣ እኔ ብቻ በሆዴ እየሳቅኩ ነበር።

እሁድ

ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ከሰዓት ወጥ ቤት ገባን። እትዬ አዘገጃጀቱን በድምፅ ላከችልን፣ ሰባት ደቂቃ የሚፈጅ መልእክት ነው፣ ስድስቱ ሰላምታ። ባስማቲውን አጥበሽ በጨው ውሃ ትዘፈዝፊዋለሽ፣ ስድስት ሰባት ደቂቃ ታፈይዋለሽ ልቡ ገና ጠጠር እንዳለ ታጠልይዋለሽ። ዛፍራኑን ከቁንጥር ስኳር ጋር በሙቀጫ ፈጭተሽ ትንሽ ሙቅ ውሃ፣ ቀለሙ ሲወጣ ማየት ብቻውን ገንዘቡን ያወጣል። ድስቱ ስር ዘይት፣ ዛፍራን፣ አንድ ሁለት ማንኪያ እርጎ ከጥቂት ሩዝ ጋር ለውሰሽ ታነጥፊያለሽ፣ የቀረውን በላዩ እንደ ጉብታ ትከምሪና ክዳኑን በፎጣ ጠቅልለሽ ትከድኚያለሽ፣ እንፋሎቱን ፎጣው እንዲጠጣው። ከዛ ትንሽ እሳት ሃምሳ ደቂቃ። "አትክፈቱት" ብላ ሦስት ጊዜ ተናግራለች። የአክስቴ ልጅ ሁለቴ ከፈተችው።

ልክ ልንገለብጠው ስንል እማዬ በቪዲዮ ደወለች፣ አዲስ አበባ ሌሊት ሆኗል እሷ ግን አትተኛም። ስልኩን ማሰሮ ላይ አስደግፈን ትልቁን ሳህን ድስቱ ላይ ደፍተን፣ በስመ አብ ብለን ገለበጥነው። ግማሹ ወርቅ ሆኖ ወጣ፣ ግማሹ ድስቱ ላይ ቀረ፣ አንድ ጥግ ደግሞ እውነትም አርሯል። ለማንኛውም አጨበጨብን።

"ምንድነው እሱ?" አለች እማዬ።

አስረዳኋት። የፋርስ ምግብ፣ ትልቅ ሆቴል በልተነው፣ ድስት ስር የያዘው ክፍል ብቻውን 18 ዶላር፣ እንግዳ ሲከበር የሚሰጥ። ወደ ስክሪኑ ቀረብ ብላ ድስቱን አየችው፣ መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገችው።

"እና እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ለቡቺ ነው ስሰጥ የኖርኩት?"